የፈሪ ጣት

«ስልኩን ዝቅ አድርጊው እንጂ፤ ጣቶቼ ይታዩ» አላት የአጎቷ ልጅ፣ በአባቱ የእንጨት ሥራ ቤት የመጋዝ ማሽኑ ፊት ቆሞ።

ዝቅ አደረገችው። ጣቶቹ ግን አልታዩም፤ የአባቱን ሰፊ የቆዳ ጓንት አጥልቋል። የመጋዝ ጥርስ ጓንት ከያዘ እጅንም አብሮ እንደሚጎትት አባቱ ለሁለቱም ነግሯቸው ነበር። ያን ቀን የሰማችው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ጓደኞቹ «ሻምፒዮን» ይሉታል። በምን ውድድር እንዳሸነፈ ግን የሚያውቅ የለም። ዛሬም ሁለት የክፍሏ ልጆች የጣውላ ክምር ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ባዩት ቁጥር ደረቱ እንደ አውራ ዶሮ ይነፋል።

አጎቷ አልጋ ሊያደርስ ወጥቷል። ሲወጣ ያላቸው አጭር ነበር፤ «መከለያው ሳይገጠም፣ መግፊያው ሳይያዝ ማሽኑ አይነሳም።» ምላጩን ከላይ የሚሸፍነው መከለያ አሁን ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሻምፒዮን ጃኬት ተሰቅሎበታል። እንጨት ወደ ምላጩ የሚገፋበት ዱላ ደግሞ ሰጋቱራ ውስጥ ወድቋል። «የፈሪ ጣት» ብሎ ስም ያወጣለት ራሱ ሻምፒዮን ነው።

«ከእኔ ቀጥሎ አንቺ ነሽ» አላት። «ያለ ፈሪ ጣት። አለበለዚያ ጣውላሽን በጥርስሽ ሰንጥቂው።»

ልጆቹ ሳቁ። ለትምህርት ቤት ለምትሠራው በርጩማ እግር የሚሆነው ጣውላ አጠገቧ ቆሟል፤ ነገ ለመምህሩ ታስረክባለች፣ ገና አልተሰነጠቀም። እምቢ ብትል ደግሞ ነገ ክፍሉ ሁሉ «ፋራ» ሲላት ይውላል። ወሬ አድራሾቹ እንደሆኑ እዚሁ ተቀምጠዋል።

«እየቀረጽሽ ነው?»

«እየቀረጽኩ ነው፣ ጀግናው።»

ማሽኑን አስነሳ። ቀጭን ቁራጭ በሁለት እጁ ይዞ ገፋ። ዓይኑ እንጨቱ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ ነበር። ድንቄም ሻምፒዮን፣ አለች በልቧ።

ቁራጩ በምላጩና እንጨቱን ቀጥ አድርጎ በሚመራው ብረት መካከል ተቀረቀረ። ወዲያው ተስፈንጥሮ በጎኑ አለፈና ከኋላው ያለውን በር ጓ አደረገው። «እማዬ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ቀዩን የማጥፊያ ቁልፍ የተጫነችው እሷ ናት።

ምላጩ ዞሮ ዞሮ ቆመ። የጓንቱ አውራ ጣት ጫፍ ተቆርጧል። ጣቱ አለ፤ ያተረፈው የጓንቱ ስፋት ነው።

«አየሽ? ምንም አልሆንኩም» አለ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። «እማዬ ያልኩትን ግን ቆርጠሽ አውጪው።»

«ለመቁረጥማ ሻምፒዮኑ አንተ ነህ።»

ስልኩን የጣውላው ክምር ላይ አስቀመጠችለት።

«በይ ተራሽ ነው» አለ፣ ልጆቹ እንዲሰሙት ጎላ አድርጎ። «ወይስ ፈራሽ?»

ሶኬቱን ከግድግዳ ነቀለች። ጃኬቱን ከመከለያው ላይ አንስታ አስታቀፈችው። መከለያውን ገጠመች፣ ብሎኑን አጠበቀች። ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረች፤ የሥራ መነጽሩን ከመሳቢያ አውጥታ አደረገች። ከዚያ ዱላውን ከሰጋቱራው ውስጥ አንስታ አራገፈችው።

«የፈሪ ጣት» አለ ከክምሩ ወርደው በሩ ጋ ከቆሙት ልጆች አንዱ፣ ሳቅ እየጠበቀ። የሳቀ የለም።

የዱላውን ጫፍ ወደ አጎቷ ልጅ አዞረችው። የመጋዝ ጥርስ እዚህም እዚያም በልቶታል። አንዳንዱ ንክሻ ጠልቋል፤ አንዳንዱ አርጅቶ ጠቁሯል።

«ይሄን ያስነከሰው አባትህ ነው» አለችው። «ሲመጣ ጣቶቹን ቁጠርለት፤ አሥሩም አሉ።»

ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀና አውራ ጣቱን አየ።

«ከበሩ ፊት ዞር በሉ» አለች። ልጆቹ ዞር አሉ። ሶኬቱን መልሳ ሰካች፣ ጣውላውን ከመሪው ብረት ጋር አስጠጋች፣ ዱላውን ጨበጠች።

ሊቀርጻት ስልኩን ያነሳ ሰው አልነበረም።