የሊኔያ የሽንኩርት እንባ

ሊኔያ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ፣ በረዶው ግማሽ ዓመት በማይለቃት ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ ያንን በረዶ ከመንገድ የሚጠርግ ትልቅ መኪና ይነዳ ነበር። ባለፈው ጥር ታሞ ሞተ። ሰፈሩ ሁሉ ሲያለቅስ ሊኔያ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። በር ላይ ቆማ፣ ጎረቤት የሚያመጣውን የመኮሮኒ ትሪ እየተቀበለች «እግዜር ይስጥልን፣ እማዬ ተኝታለች» ትል ነበር። «እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ!» አሏት።

በሐምሌ እናቷ ካሪን ሐይቅ ዳር ወዳለ ካምፕ ወሰደቻት። እዚያ ሰው የሞተባቸው ልጆች ከነቤተሰባቸው አራት ቀን ይቆያሉ። ይዋኛሉ፣ ይዘፍናሉ፣ የሞተባቸውን ሰው ስም እየጠሩ ያወራሉ። ትንኙ ሐዘንተኛ ናቸው ብሎ አይምራቸውም።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር አለ። ወጥ ቤቱን የሚመሩት አሮጊት፣ ሚስ ቨርና፣ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉ፦

«ልጆች፣ ሲከብዳችሁ መጥታችሁ እዚህ ቁጭ በሉ። ማንም "ምን ሆናችሁ?" አይላችሁም። እኔ ትኩስ ካካዎ ይዤ እመጣለሁ።»

ወዲያው አንዲት ልጅ ሄዳ ተቀምጣ አለቀሰች። ካካዎው መጣ። በጣፋጩ የቸኮሌት መጠጥ ላይ ክሬም ተቆልሏል። ሊኔያ ቀዝቃዛ ውኃዋን ይዛ ምራቋን ዋጠች። «ለካ የሚያለቅስ ነው የሚጠጣው!» አለች በልቧ። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይባል የለ?

እሷም ተቀምጣ ዓይኗን ጨመቀች። የሒሳብ ፈተናዋን አሰበች። ምንም የለም። የተቀቀለ ጥቅል ጎመን አሰበች። አስጠላት እንጂ አላስለቀሳትም። አባቷን ግን ለማሰብ አልፈለገችም።

ያን ጊዜ በተከፈተው የወጥ ቤት በር መክተፊያ አየች። መክተፊያው ላይ ግማሽ ሽንኩርት ተቀምጧል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትንገሩኝ፣ ፊታችሁ ላይ ይታያል።

ሊኔያ ሽንኩርቱን ላፍ አድርጋ ዓይኗ ሥር አሸችው። እንባው ጎረፈ! ካካዎው መጣ! ማንም ምን ሆንሽ አላላትም።

በመጀመሪያው ቀን ሦስቴ አለቀሰች። በማግስቱ እስከ ምሳ ድረስ ስድስቴ። ዓይኗ ቲማቲም መሰለ። ልጆቹ «ይቺ ልጅ ዘር ማንዘሯ ነው እንዴ ያለቀው?» ተባባሉ።

እናቷ ወሬውን ሰምታ እየሮጠች መጣች። እቅፍ አድርጋ ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት።

«ተመስገን! በስንት ወሩ አለቀስሽልኝ!» አለችና ራሷ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ አነፈነፈች። «ምነው ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተትሽኝ?»

«ወጥ ቤቱ አጠገብ ተቀምጬ ነው፣ እማዬ።»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። ያም ሆኖ አመሻሹ ላይ ደግማ ተቀመጠች። አመል ነዋ!

ከጎኗ ኦቶ መጥቶ ተቀመጠ። ኦቶ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ናት የሞተችበት። አገጩ ይንቀጠቀጣል። ሚስ ቨርና ግን ባዶ እጃቸውን ወጡ።

«ካካዎው አለቀ፣ የኔ ልጅ። ነገ ይመጣል።»

ኦቶ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ሊኔያን አየና ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«እኔ በደንብ ስላላለቀስኩ ነው? እንደ እሷ ስላልሆነልኝ ነው?»

ሊኔያ መቀመጥ አቃታት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እጇን ኪሷ ከትታ ሽንኩርቱን አወጣች።

«ሚስ ቨርና፣ እኔ አላለቀስኩም። ይሄ ነው ያስለቀሰኝ።»

ሚስ ቨርና ሽንኩርቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ከትናንት ጀምሮ የሾርባዬ ሽንኩርት የት ገባ ስል ነበር። ለመሆኑ ምን አስለፋሽ?»

«ካካዎው ለሚያለቅስ ነው ብዬ...»

«ማን አለሽ? ለሚከብደው ነው ያልኩት። እንባ ጠየቅሁሽ? አንቺስ አይከብድሽም?»

ሊኔያ አንገቷን ደፋች።

«አባዬ ሆስፒታል እያለ "እናትሽን አደራ" ብሎኛል። እኔ ካለቀስኩ እማዬን ማን ይይዛታል?»

ይህን ከአፏ እንዳወጣች እውነተኛው ለቅሶ መጣ። ሳግ ያዛት፣ ንፍጧ ወረደ። ኦቶ ራቅ ብሎ ተመለከታት።

«የበፊቱ ይሻል ነበር» አለ። ቢሆንም እጅጌውን አዋሳት።

ከዚያ ከባዱ ቀረ። ሊኔያ እናቷ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት።

«ታዲያ ያን ሁሉ ስስመው የነበረው ሽንኩርት ነው?» አለች ካሪን። ሳቀች። ሳቋ አልቆም ብሏት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ይቅርታ፣ እማዬ። አባዬ ናፈቀኝ።»

ሳቁ ቆመ።

«እኔንም» አለች እናቷ። «አባትሽ አደራ ያለው እኔንም ነው፤ "ሊኔያን አደራ" ብሎኛል። በይ ነይ፣ እንያያዝ።»

በማግስቱ ሊኔያ ከእናቷ ጋር በአቅራቢያው እስካለው መንደር ድረስ በእግሯ ሄዳ ወተትና ካካዎ ገዝታ ተሸክማ መጣች። የመጀመሪያውን ኩባያ ለኦቶ ሰጠችው። ምን ሆንክም አላለችውም።

ልጆች፣ የሌላችሁን እንባ አታስመስሉ፣ ያላችሁንም ኀዘን ከሚወዷችሁ ሰዎች አትደብቁ።