ቡሬ የተሸጠለት ካርድ

ቢንቢ ጥጃ አንጠልጥላ ከሩዝ ማሳ ስትነሣ አይቻለሁ ብዬ ወረታ መሀል የማልሁ ሰው እኔ ነኝ። ክረምት ሜዳው ላይ ውኃ በተኛ ጊዜ አምባዛ ስልኬን ውጦት፣ በደወልሁ ቁጥር የጥሪው ዘፈን ከውኃው ሥር ይሰማ ነበር ብዬም አውርቻለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ዘጠነኛን ጀምሬ እንደሆነ ግን እኔና መምህሩ እስካሁን አልተስማማንም።

የሰገንን ነገር ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የማወራው።

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሁለት የሩዝ መፈልፈያ መካከል፣ ስድስት ኮምፒውተር ያላት የጌም ቤት አለችኝ። መፈልፈያዎቹ ሲነሡ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ የገለባው ብናኝ ኮምፒውተሩ ሆድ ድረስ ይገባል። ግራፊክስ ካርድ መፈተሽ የተማርሁት እዚያው ብናኝ ውስጥ ነው። ካርዱ ማለት የኮምፒውተሩ ሥዕል ሠሪ ነው፤ ጌሙ ውስጥ ያለ መኪናም ሰውም በእሱ ነው የሚሣለው። ከይፋግ እስከ ሐሙሲት፣ ያገለገለ ካርድ የገዛ ሁሉ እኔ ዘንድ አምጥቶ «እስቲ አቅሙን እየው» ይለኛል።

ግንቦት ውስጥ ነው፤ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ከአንዲት ልጅ ጋር መጡ። ጋቢያቸው ሥር ካርቶን እንደ ሕፃን አቅፈዋል።

«ማረው የምትባል አንተ ነህ?»

«አዎ አያ፣ ይግቡ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ይችን ነገር ሞክርልን። ቡሬ የተሸጠላት ናት።»

«ቡሬ ማነው አያ?»

«በሬዬ ነዋ!»

ልጅቱ አፏን በእጇ ከልላ ሳቀች። ዓይኗ ግን አልተከለለም። እኔም ካርዱን ትቼ እሱን ስፈትሽ ቆየሁ።

ሰውየው አያ ቢሻው ናቸው፤ ልጅቱ ሰገን። ሰገን ባሕር ዳር የቤት ንድፍ ተምራ ጨርሳለች። አንድ የንድፍ ቢሮ ገና ያልተሠራ ሆቴል ንድፍ ሰጥቷት፣ ሰው በውስጡ የሚመላለስበት እስኪመስል ድረስ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አድርገሽ በሁለት ሳምንት አምጪ፣ ከወደድነው ትቀጠሪያለሽ ብሏታል። የእሷ ኮምፒውተር ግን አንዷን ሥዕል ለመሣል ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ አባቷ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን፣ ቡሬን፣ ይፋግ ገበያ አውጥተው ሸጡና ይህን ካርድ ከባሕር ዳር ነጋዴ ገዙላት።

«ቡሬ በግራ እንጂ በቀኝ አይጠመድም ብዬ ተናግሬ ነው የሸጥሁት» አሉኝ አያ ቢሻው። «ዋጋ ሰበሩብኝ፤ ይስበሩ። እኛ ዘንድ የከብት ጉድለት ደብቆ መሸጥ ነውር ነው። እኔም ስገዛ በሬ እንደምገዛ ነው የገዛሁ፤ በገበያ አይታወቅም፣ በቀንበር ነው። ነጋዴው አራት ቀን ሞክሩት፣ ካልሆናችሁ መልሱት ብሏል። በል ጥመደውና እየው።»

ልጃቸውን ትተውልኝ ወደ ሜዳው ተመለሱ።

ካርዱን አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ ላይ አንድ ጠጉራም ክብ ነገር የሚያሽከረክር መሞከሪያ አለኝ፤ ጠጉሩን አንድ በአንድ መሣል ስላለበት ካርዱ ያልበዋል።

«ይሄ ምንድን ነው? በግ ነው?» አለች ሰገን።

«ቀለበት ነው።»

«ቀለበት? በመጀመሪያው ቀን?»

እኔ ማረው፣ መልስ አጥቼ የማላውቅ ሰው፣ ቁጥሩን ማንበብ ጀመርሁ። በሴኮንድ ስድሳ ሥዕል፤ ሙቀቱ ሰባ ስምንት ዲግሪ። «መጥፎ አይደለም» አልሁ። ነገ እንድትመጣ ነግሬ ሸኘኋት።

እንደሄደች ነው ነገሩ የተበላሸው። ካርዱ ባለ ስምንት ጊጋ ነኝ ይላል፤ ጊጋ ማለት ሥዕል የሚሸከምበት የሆዱ ልክ ነው። ሥዕል እያሸከምሁ ሄድሁ፤ አንድ ጊጋ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሦስት ሲያልፍ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ደገምሁት፤ እንደገና ጥቁር። መፍቻ አንሥቼ ሽፋኑን ፈታሁ። ከሥሩ ያለው ቺፕ ላይ የተጻፈው የሌላ ካርድ ስም ነው፤ ዐሥር ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ካርድ። ነጋዴው ካርዱ ለኮምፒውተሩ ስሙን የሚነግርበትን ፕሮግራም ለውጦ የጎረምሳ ስም አውጥቶለታል። በገበያ ቀን ጠዋት ጨው አልሰው በውኃ እንደነፉት በሬ ማለት ነው። ቺፑን የሚያቀዘቅዘውን ነጭ ቅባት አዲስ ቀብቼ መለስሁና ገጠምሁት።

ጎረቤቴ የሱፍ ይባላል፤ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ሲያየኝ ፊቴ አላማረውም።

«ምን ሆነሃል? ቢንቢዋ አንተንም ልታነሣህ ነው?»

ነገርሁት።

«ነገ ጠዋት ንገራት፤ ይመልሱት» አለኝ። «አራት ቀን አላቸው እኮ።»

«እነግራታለሁ።»

«ማረው፣ እንደ ሰው ንገራት።»

በማግስቱ ሰገን የሽምብራ ቆሎ በመሐረብ ቋጥራ መጣች። ቆሎውን ከመሀል አኖረችና «እህ፣ በሽተኛው እንዴት አደረ?» አለችኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ከነገርኋት ካርዱን ይዛ ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ነጋዴው ይለውጥላታል፤ ከዚያ እኔ ዘንድ ምን ያመጣታል?

ቢሆንም ነገርኋት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ነገርኋት።

«ሰገን፣ ይህ ካርድ ስሙን የለወጠ ሽማግሌ ነው። ከስምንቱ ጊጋ አምስቱ የሉም። ከባሕር ዳር ሲመጣ ሐሙሲት ላይ ጅብ በላቸው።»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ቢንቢዋ አትሻልም? ጥጃዋን ትታ አምስት ጊጋ ተሸክማ ሄደች በለኝ!»

እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ተናግሬ ሳቋንም አገኘሁ አልሁ በልቤ። ሁለቱን ባንድ ቀን ያገኘ ሰው በፎገራ ሜዳ እኔ የመጀመሪያው ነኝ ብዬ ኮራሁ።

«ፈተናው አራቱንም ቀን ይፈልጋል» አልኋት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ። በር ላይ ተቀመጥን። መፈልፈያዎቹም ዝም አሉ፤ ወረታ እንደዚያ ጸጥ ብላ አላውቅም። ሰገን ላፕቶፗን ከፍታ ሆቴሉን አሳየችኝ። በበሩ ገባን፣ በደረጃው ወጣን፣ በረንዳው ላይ ቆምን። ታች አትክልቱ ውስጥ አንድ ነጭና ጥቁር በሬ ሣር ይግጣል።

«ሆቴል ውስጥ በሬ?»

«ቡሬ ነው። አባዬ ሲያየው ደስ እንዲለው ብዬ ነው። ስጨርስ አጠፋዋለሁ።»

ቡሬን አየነው። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ አልተነሣም።

«አንተ ግን» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «የምርህን አውርተህ ታውቃለህ?»

ሊያስቃት የሚችል ሃያ መልስ አፌ ላይ ነበር። አንዱንም አላወጣሁም። እሷም መልስ አልጠበቀችም፤ ከቆሎው ዘግና መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። ያን ጊዜ ልናገር ይገባ ነበር። መብራቱ መጣ፣ መፈልፈያው ተነሣ፣ ጮኸ፤ አልተናገርሁም።

በአራተኛው ቀን ቆሎም ሳቅም አልያዘችም።

«ማረው፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። አባዬ ይመለስ ወይስ ይቅር ብሎ ማታ ይጠይቀኛል። አሁን እንዳትቀልድብኝ። ይሸከመኛል?»

ብነግራት፣ ሦስቱን ቀን ለምን ዝም አልህ ትለኛለች። ደግሞ ትዕቢት አለብኝ። ካርድን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ የመንዳት ጥበብ አለ፤ ኦቨርክሎክ ይሉታል። የእኔ ስም በወረታ የተጠራው በእሱ ነው። ልቡን እገርፈዋለሁ፣ እሱም ይሮጣል፣ እሷም ትጨርሳለች፣ ማንም አያውቅም አልሁ።

ዓይኗን አየሁና «ይሸከምሻል» አልኋት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ነዳሁት። ፍጥነቱ ላይ ዐሥር እጨምራለሁ፣ ጠጉራሙን ቀለበት አዞራለሁ፣ ሙቀቱን አያለሁ። ሰማንያ ሦስት። ዐሥር ደግሞ። ሰማንያ ስምንት። ማራገቢያው ከመፈልፈያው ጋር እስኪፎካከር ጮኸ። በሴኮንድ ሰባ አንድ ሥዕል! ሰገን እጇን አጨበጨበች። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ፤ ለበሬ አለንጋ ብትጨምርበት ይፈጥናል እንጂ ሆዱ አይሰፋም። ሦስት ጊጋ ሦስት ጊጋ ነው።

ስትሄድ እጄን ያዘችና ቶሎ አልለቀቀችም።

«ስጨርስ መጀመሪያ የማሳየው ለአንተ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሽማግሌ ትልካለህ። ግን ቢንቢዋን እንዳትልክ።»

እየሳቀች ሄደች። እኔ ያን ሳምንት ሽማግሌ ስመርጥ ከረምሁ። የሱፍን ሳይቀር ለመንሁት። «እሄድልሃለሁ፤ አስቀድመህ ግን ንገራት» አለኝ። «ከሠርጉ በኋላ እነግራታለሁ፤ ያን ጊዜ ትስቃለች» አልሁት። እሱ አልሳቀም።

ሥራዋን የምታስረክብበት ቀን ዋዜማ፣ ጠዋት፣ ሰገን መጣች። ካርዱን በዚያ የቆሎ መሐረብ ጠቅልላዋለች። ሳትፈታው ሽታው ደረሰኝ፤ የተቃጠለ ላስቲክ።

«ሆቴሉ ባዶ ሳለ ይሠራ ነበር» አለች። ድምጿ ደክሟል። «ዛፎቹን፣ ወንበሮቹን፣ ሰዎቹን ሳስገባ መጥፋት ጀመረ። አስነሣዋለሁ፣ ይጠፋል። ትናንት እንዲቀለው ብዬ ቡሬንም አጠፋሁት። ዛሬ ጠዋት ጨሰ።»

«ቢሮው ቀን ቢጨምርልሽ…»

«ደወልሁ። ሌሎች አስረክበዋል አሉኝ። ክፈተው እስቲ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ክፈተው።»

ፈታሁት። ሰገን ቺፑ ላይ የተረፈውን ቅባት በመሐረቧ ጠረገችና ጽሑፉን አነበበች። ቀስ ብላ አነበበች። ከዚያ መሐረቡን አየችው፤ ቅባቱ ነጭ ነው፣ ገና አልደረቀም።

«ይህ አዲስ ነው። ማን ከፍቶት ነበር?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«የመጀመሪያው ቀን።»

መፈልፈያው ቢነሣልኝ ተመኘሁ። አልተነሣም።

«ነግሬሽ ነበር» አልሁ። «ሽማግሌ ነው አልሁሽ። አምስቱ ጊጋ የለም አልሁሽ። አንቺ ሳቅሽ።»

«ስቀህ ነው የነገርኸኝ» አለች። «በአራተኛው ቀን ግን ሳትስቅ ነው የዋሸኸኝ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ የማባበያ ወሬ አላጣም ነበር። መሐረቧን አጥፋ ያዘች፣ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ወጣች። የሱፍ ከሱቁ በር ቆሞ ነበር፤ እሷ ስታልፍ ራሱን ዝቅ አደረገ። እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

ሐምሌ ላይ ሜዳው ውኃ ሳይሞላ ወደ አያ ቢሻው ማሳ ወረድሁ። የቀራቸውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ያርሳሉ፤ አንድ ቀን ለራሳቸው፣ አንድ ቀን ለጎረቤቱ። ያ ቀን የጎረቤቱ ነበር።

«አያ፣ ሁለት ኮምፒውተር ሸጬ በሬ ልግዛልዎ» አልኋቸው።

ሞፈሩን አቆሙ። ጭቃ የነካ እጃቸውን ጠረጉ።

«በሬ ይገዛል ልጄ። ለዚያ አትጨነቅ። ልጄ ሽማግሌ ልትልክ እንደሆነ አጫውታኝ ነበር፤ እሺ ልላት ነበር። ግን አንተ ስትገባ ጉድለትህን አልነገርኸንም።»

«ሰገን የት ናት?»

«ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ። ማተሚያ ቤት ገብታለች፤ የሠርግ ካርድ ትሠራለች አሉ።»

በሬዎቹን «ሂድ!» አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። ካርዱ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። «ምንድን ነው?» ላለኝ ሁሉ ከነቡሬው እነግረዋለሁ። ሰውም ሆዱን ይዞ ይስቃል። «አንተ ማረው፣ ይችስ ከቢንቢዋ ትበልጣለች!» ይሉኛል። የማያምኑኝ ይህችኑ አንዷን ነው።

ባለፈው ጥር መናኸሪያው ውስጥ አገኘኋት። ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል፤ እሷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ጠቁራለች፣ አምሮባታል። ሮጬ መስኮቱ ሥር ደረስሁ።

«ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ። አንተስ? ቢንቢዎቹ እንዴት ናቸው?»

«ወሬ ትቻለሁ ሰገን። ከዚያ ወዲህ አንድም አልዋሸሁም።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ያ የማውቀው ሳቅ መጣ፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር፣ አፏን በእጇ እስክትከልል።

«ይችስ ጥሩ ናት» አለች።

የመጨረሻው ሰው ገባ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋው።