የኢብራሂም አውራ ጣት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሐይቅ ከተማ ያለ ባጃጅ ነጂን ሁሉ ጠይቅ፣ ስለ ጂን ሲያወሩ እኔ ስስቅ ነው የሚያውቁኝ፣ ይሄን የምነግርህም እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ ብቻዬን መሸከሙ ስለከበደኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ኢብራሂም ባጃጁን ለኔ ትቶ በባሕር ወደ አረብ አገር ከተነሳ ስድስት ዓመት ሆነው። ጀልባ ሊሳፈር ሲል ደወለና «ስመጣ ያን ስፖኪዮ ኒኬል እናደርገዋለን» አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ብልጭልጭ ነገር ነፍሱ ነበር፣ የስፖኪዮው፣ የባጃጁ የጎን መስታወት፣ የፕላስቲክ ሽፋን ፀሐይ በልቶት ስለነጣ እሱ ነበር የሚያንገበግበው። ናፈቀኝ፣ ሌላ ቃል የለኝም፣ ስድቡ ሳይቀር ናፈቀኝ።

ክረምቱ ሲወጣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ እንድሪስ ከውጫሌ መጡና እናቴን «እስከ መቼ እንዲህ ይሆናል? አርብ ከጁምዓ በኋላ ይሰገድለት፣ ሰደቃውም ይውጣ፣ እርሙን እናውጣ» አሏት። እናቴ «አንቱ እንዳሉ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በወጉ አልበላችም። እኔም ወንድሜ ሞተ ከመባሉ በፊት ያለኝን ልፈጽምለት ብዬ ስፖኪዮውን ፈታሁት።

ፕላስቲክን ኒኬል ማስመሰል ሲያዩት ቀላል ነው፣ ግን ተንኮለኛ ሥራ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካህ ታለሰልሰዋለህ፣ ጥቁር አንጸባራቂ ቀለም ትቀባዋለህ፣ እሱ በደንብ ሲደርቅ ክሮም የሚባለውን ብርማ ስፕሬይ ስስ አድርገህ ትረጫለህ፣ ካበዛኸው ግራጫ ሆኖ ይቀርልሃል፣ መጨረሻ ላይ ክሊር የምንለውን የጠራ ቀለም ታለብሰዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ከሥሩ ያለውን ማንም አይደርስበትም። ክሊሩ እስኪለብስ ታዲያ ጣት የሚባል ነገር አይነካውም። ኢብራሂም ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረበትም፣ ቀለም ባየ ቁጥር «ደረቀ?» ይልና እፍ ብሎበት አውራ ጣቱን ይጭንበታል፣ ስንት ሥራ አበላሽቶብኛል መሰለህ። ጣቱም ይታወቃል፣ ልጆች ሆነን ሐይቁ ላይ ዓሣ ስናጠምድ መንጠቆ ሰንጥቆት ጠባሳው አግድም ቀርቷል።

ሐሙስ ጠዋት፣ የሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ፣ የኋለኛዋን ክፍል መስኮቷን ዘግቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ በዕድሌ መብራትም ነበረ። ዶሮዎቹን አስቀድሜ አባርሬያለሁ፣ አንዴ ላባ ተጣብቆብኝ ያውቃል። አቧራ እንዳይነሳ ወለሉን ከሐይቁ በቀዳሁት ውሃ ረጨሁት፣ ሽፋኑን በሽቦ አንጠልጥዬ ክሮሙን ነፋሁበት። ሲደርቅ እያገላበጥኩ አየሁት፣ ወላሂ እንከን የለውም፣ ፊቴንና ከኋላዬ ያለውን የተዘጋ በር አየሁበት። ከዚያ ክሊሩን አለበስኩትና ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ደጅ የቆመው ባጃጅ የሾፌሩ ወንበር ሲጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። እናቴ ትሆናለች አልኩ። ቀጥሎ ሽፋኑ ሽቦው ላይ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ነፋስ እኮ የለም። ከዚያ ጆሮዬ ሥር «እፍ» ሲል ሰማሁ። እመነኝ፣ ያኔ አልፈራሁም፣ ከአፌ የወጣው «አትንካው አልኩህ» የሚል ነው፣ እንደ ድሮው ተናድጄ። ዞሬ በሩን ያየሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው፣ እንደቀረቀርኩት ነው።

ሲደርቅ አወረድኩት። አውራ ጣት ታትሞበታል፣ ጠባሳው አግድም። በጥፍሬ ዳሰስኩት፣ ላዩ ልሙጥ ነው፣ አሻራው ያለው ከክሊሩ ሥር ነው።

አርብ አጎቴ ሲመጡ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «መሰናበቻው ነው፣ አላህ ይዘንለት» አሉ። እናቴ ከእጃቸው ተቀበለች፣ የራሷን ጣት አሻራው ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ በቀስታ «ሊሰናበት የመጣ ሰው፣ ቀለሙ ደረቀ አልደረቀ ብሎ ይጨነቃል ወይ?» አለቻቸው። አጎቴም ሶላቱም ሰደቃውም ይቆይ አሉ።

ስፖኪዮውን መልሼ ገጠምኩት። ተሳፋሪዎች «ይሄ ሥራ ተበላሽቶብሃል» ይሉኛል፣ እናቴ ግን በየጠዋቱ ልወጣ ስል በሻሿ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ መብላትም ጀምራለች።

ለሷ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ያን ጠዋት ሽፋኑ ከተንጠለጠለበት ሥር፣ ሌላው ወለል ደርቆ ሳይደርቅ የቀረ ቦታ ነበር፣ የሁለት እግር መቆሚያ ያህል። ውሃ ረጭቼ የለ፣ ነገሬም አላልኩት። ሲደርቅ ግን ዳር ዳሩ ነጣ፣ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፣ ጨው ነው። የኛ ሐይቅ ውሃ ደግሞ ጨው የለውም፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጠጣው ያደግን ነን፣ ጨው ያለው እሱ ሊሻገር የተነሳው ባሕር ነው። እናቴ ሳታየው ጠርጌ ደፋሁት።

ትናንትም ስፖኪዮውን እየወለወለች «አለ አይደል፣ ልጄ?» አለችኝ። «አለ፣ እማ» አልኳትና ሞተሩን አስነሳሁ።