ቀድማ የጠጣችው ሴት

ራሞና ሶሳ የሞተችው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመምህርት ኦፌሊያ ቤት ነው። ቤቱ በማግሥቱ የሴቶች ድምፅ መስጫ ሊሆን ተመርጦ ነበር። የፓሶ ሆንዶ ሴቶች ከተማዋ ከቆመች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ አንድ ሌሊት ቀርቷቸው፣ ዳኛው መጥተው በሩን አሸጉት።

«ገዳዩ ሳይታወቅ ይህ በር አይከፈትም» አሉ።

ወንዶቹማ ማዘጋጃ ቤት ገብተው እንደ ልማዳቸው ይመርጣሉ! ሴቶች የሚመርጡበት ሌላ ቤት ግን አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሴልሶ ቤንታንኩር በምሽቱ ባቡር ሲደርስ የሟች ልጅ ዴልሚራ አስከሬኑ አጠገብ ቆማለች።

«እናቴ እንግዳዋን ጠበቃ ልትመርዝ ስትል በቆፈረችው ጉድጓድ ገባች ይላሉ» አለችው። «ጌታዬ፣ እናቴ የሰው ልብስ አጥባ አሳደገችኝ እንጂ ክፉ ሠርታ አታውቅም። ስሟን አጥፍተው ነው ወይ የሚቀብሯት?»

«ያየሽውን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«የማቴውን ቅጠል ሁሉም በየተራ በሚጠጣበት ቅል ውስጥ ጨምራ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የሚፈላበትን ሙቅ ውሃ ልታመጣ እኔ ወዳለሁበት ጓዳ መጣች። ተመልሳ ቀዳችና ቀመሰች፤ ‹ዛሬስ ሐሞት ሆኗል፣ ውሃውም ቀዝቅዟል› ብላ ልታሞቀው ገባች። ሌላ ሰው አልጠጣም። ጥቂት ቆይታ እጄ ላይ ተንዘፍዝፋ ቀረች።»

ኢንስፔክተሩ ቅሉን ወደ መብራቱ አስጠጋ። በቅጠሉ መሃል ነጭ ደቃቅ ዱቄት አለ፤ በየእርሻው የሚገኝ የቀበሮ መግደያ መርዝ ነው። ራሞና ጓዳ ሳለች ቅሉ አጠገብ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ለሴቶቹ ስለ ምርጫው ንግግር ልታደርግ የመጣችው ጠበቃ ክሎቲልዴ የመንገድ አቧራዋን ልትታጠብ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር።

መጀመሪያ መድኃኒት ሻጩን ባልዶሜሮን ጠየቀ።

«መርዙን የምሸጠው እኔ ነኝ፤ ያልሸጥኩለት ሰው የለም» አለ ባልዶሜሮ። «ሴት መምረጧንም እጠላለሁ። ለመጥላትም ፈቃድ ይጠየቃል?»

«ከፈለግህ ጥላ። ማቴውን መጀመሪያ የሚጠጣው ማን ነበር?»

«ይቀልዳሉ? የምትቀዳዋ ናት እንጂ! የመጀመሪያው ቅጂ መራራ ነው፤ ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ? ነውር!»

መምህርት ኦፌሊያ ደግሞ ተቆጣች። «ራሞና ናታ! ሊነጋብን ነው፣ እርስዎ ስለ ማቴ ይጠይቁኛል?»

ሦስተኛው የከተማዋ ግማሽ መሬት ባለቤት ዶን ፌርሚን ነበሩ።

«እንግዳዋ ናት እንጂ» አሉ እግራቸውን አነባብረው። «በእኔ ቤት እንግዳ ይቀድማል፤ እንግዳ ከሌለ እኔ። በስልሳ ዓመቴ መራራ ቀርቦልኝ አያውቅም።»

«የታደሉ ነዎት» አለ ኢንስፔክተሩ።

እሑድ ጠዋት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። የዶን ፌርሚንን ወጥ ቤት ሳቱርኒናንም አስጠራ። ውጭ የቆሙት ሴቶች «በሩን ክፈቱ!» እያሉ ይጮኻሉ።

«መርዙ የተጨመረው ውሃ ሳይገባ ቅጠሉ ላይ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ስለዚህ የሚገድለው ቀድሞ የሚጠጣውን ነው። ራሞና ራሷ መርዛው ቢሆን ኖሮ አትቀምሰውም፤ መሞት ብትፈልግ ደግሞ ልታሞቀው አትመለስም። እሷን የሚጠላ የለም። ጠበቃዋን የሚፈራ ግን አለ። እንግዲህ ገዳዩ እንግዳዋ ትቀድማለች ብሎ ያመነ ሰው ነው። ባልዶሜሮ እንደማትቀድም ያውቃል፤ መምህርቷም ታውቃለች።»

«እኔም የቤቴን ወግ ተናገርኩ!» አሉ ዶን ፌርሚን።

«ሳቱርኒና፣ የጌታሽን ማቴ የሚጀምረው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጓዳ ቆሜ መራራውን እጠጣለሁ፤ ሲጣፍጥ ይዤላቸው እገባለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ዶን ፌርሚን።

«መቼ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ኢንስፔክተሩ ወደ ዶን ፌርሚን ዞረ። «መራራውን ሌላ ሰው እንደሚጠጣልዎ ስላላወቁ እንግዳዋ ትቀድማለች ብለው ያመኑት እርስዎ ብቻ ነዎት። ወንዶቹ በመሬትዎ ላይ ስለሚያድሩ እንዳዘዟቸው ይመርጣሉ። ሴቶቹን ግን ማን ያዛቸዋል? ጠበቃዋ ብትሞት ፈርተው ቤታቸው ይቀራሉ ብለው አሰቡ። እስቲ የሰደርያዎን ኪስ ይገልብጡት።»

ዶን ፌርሚን ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ። ፊቱ ቀላ።

«ለዚያች ጠበቃ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ከአንዲት ልብስ አጣቢ ጋር እኔ ምን ጠብ አለኝ?»

የተናገረውን የሰማው ከሁሉ በኋላ እሱ ራሱ ነው። ኪሱ ሲገለበጥ ነጩ ዱቄት ስፌቱ ውስጥ ተገኘ፤ እጁን አስረው ወሰዱት።

ዳኛው እሽጉን ቀደዱ፤ ከደፉ ላይ ግን ቆመው ቀሩ። «ሐዘን ነው፤ ለሌላ ሳምንት ብናስተላልፈውስ?» አሉ። ዴልሚራን ሲያዩ ድምፃቸውን አለዘቡ። «አንቺም ልጄ፣ ሐዘንተኛ እቤቷ ነው የምትቀመጠው።»

«እቤትማ ተቀምጠን አየነው፣ ክቡር ዳኛ» አለች ዴልሚራ፣ እንባዋን ሳትጠርግ። «እናቴን ነገ እቀብራለሁ። ዛሬ መርጬ ነው የምሄደው። ከበሩ ዞር ይበሉልኝ!»

ዳኛው ዞር አሉ። እሷ ቀደመች፣ እኛም ውጭ የቆምነው ሴቶች ተከትለናት ገባን።