በመስኮት ያደረው መርፌ

የውብዳር መስኮቱን ስትከፍት መርፌውን በረዶ ሠርቶ አገኘችው።

ልጅ ለመውለድ ከሚታከሙበት የአዲስ አበባ ክሊኒክ ሲሰጧት «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ብለዋት ነበር። ፍሪጅ ያላቸው አከራይዋ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ጋ ማስቀመጥ ደግሞ ለሰፈሩ ማወጅ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ ፍሪጅ አይደለችም እንዴ? ብላ ከመስኮቱ ውጭ አሳደረችው። የኅዳርን ውርጭ እዚሁ ተወልዳ አድጋ ረሳችው!

የክሊኒኩ ነርስ ጋ ደወለች።

«በቃ፣ አይሠራም፤ ጣይው። ግን እንቁላሉ ደርሷል፤ እንዲለቀቅ ዛሬ ማታ የግድ መወጋት አለብሽ። አለበለዚያ ከነገ ወዲያ የባልሽን ዘር ወደ ማህፀንሽ ብናስገባውም ከንቱ ነው።»

ባሏ ፈንታሁን ፊቱን እየታጠበ ነበር። እንዴት ትንገረው? ሐኪሞች ለዓመታት ሁለቱንም መርምረው «ምንም የለባችሁም» ሲሏቸው ኖረዋል። እንዲህ ያለው መልስ እንዴት እንደሚያስጨንቅ የደረሰበት ያውቀዋል፤ ሰው የሚወቅሰውን ያጣል። ዛሬ ግን ጥፋተኛ ተገኘ፤ እሷው ናት። እናቱ ደግሞ ሌላ እንዲያገባ ሲወተውቱት ከርመዋል። ጥሎኝ ይሄዳል ብላ ፈራች።

ነርሷ ያለችውን ነገረችው፤ ፈንታሁን ብልቃጡን አገላብጦ አየው። ከዚያ ጃኬቱን አነሳ።

«አዲስ አበባ ደርሼ ሌላ አመጣለሁ።»

«አልተቆጣህም?»

«መኪናው ያመልጠኛል፣ ውቤ።»

መልስ ሳይሰጣት መውጣቱ ቀኑን ሙሉ እረፍት ነሳት። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ ከሰላ ድንጋይ አማቷ ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው። አለቀልኝ አለች።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉ እያለቀሱ። «ጠዋት ደውዬ ያንኑ የጋብቻ ነገር ባነሳበት፣ መኪና ላይ ሆኖ ነገረኝ። ችግሩ ከእሱ ነው ለካ! እኔ በከንቱ አንቺን ሳማሽ።»

የውብዳር ስልኩን ዘግታ ባሏን መጠበቅ ያዘች።

ፈንታሁን ሲመሽ መርፌውን በበረዶ ዕቃ ታቅፎ ገባ።

«እናትህን ለምን ዋሸሃቸው?»

«የግድ አንዳችን ላይ መሆን ካለበት እኔ ላይ ይሁን። አንቺን እንዲነኩብኝ አልፈልግም።»

ወጋት። እሷ እንባዋን ጠርጋ ስልኳን አነሳች፤ «ተዪው፣ ባክሽ» ቢላት አልሰማችውም።

«እማማ፣ ልጅዎ ዋሽቶዎታል። እሱ ምንም የለበትም። እኔም የለብኝም። ሕክምና ላይ ነን፤ ይሁን አይሁን ግን አናውቅም።»

ወይዘሮ ዝናሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ታዲያ ምን ልትሆኑ ነው?»

የውብዳር አሁንም ፈርታለች። የባሏን እጅ ያዘች።

«እንጠብቃለን፣ እማማ። አብረን።»