ፑሉ ውስጥ የተገኘው የክርስትና ስም

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። የቄስ ልጅ ነኝ፣ መካነ ሰላም ተወልጄ ያደግሁት ራሱን ያመመው ሁሉ ዓይነ ጥላ ነው፣ ላሙ የነጠፈችበት ሁሉ መተት ነው በሚል ሰው መሃል ነው፣ እና እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መሳቅ ነው የለመድኩት፣ እናቴ ሳቄ ሲያናድዳት "አንተን አንድ ቀን ራሱ ያሳይሃል" ትለኝ ነበር። አሁን የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ከጎኔ ስልክ የሚጠግነው ሰይድ አለ፣ እሱ ደግሞ በዚህ ነገር ከእኔ ይብሳል፣ የማወራችሁን ግማሹን ግን እሱም በዓይኑ አይቶታል፣ ወላሂ ነው የምላችሁ፣ የቄስ ልጅ ወላሂ ማለቱ እንዳይገርማችሁ፣ ወሎ ነው ያደግሁት።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ ወንድሜ በደምለው ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ቢትኮይን የሚያወጡ ማሽኖች የተደረደሩበት መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠራጊ ሆኖ ሲሠራ ቆየና፣ ሲመለስ የተጣለ አንድ አሮጌ ማሽን ተሸክሞ መጣ፣ የጫማ ካርቶን የሚያክል፣ ፊቱም ጀርባውም ማራገቢያ ያለው፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚጮህ። ከሱቄ ጀርባ ባለችው ጓዳ አስቀመጥነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርክራችን አንድ ብቻ ሆነ፣ ለብቻችን እንሥራ ወይስ ፑል እንግባ።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ማሽኑ ቁጥር ይገምታል፣ ሳይሆን ሲቀር ይጥለዋል፣ ደግሞ ይገምታል፣ ዓለም ላይ ያሉት ማሽኖች በሙሉ እንዲሁ ይሽቀዳደማሉ፣ ቀድሞ ያገኘው ሽልማቱን ይወስዳል። ለብቻህ ከሠራህ ያገኘህ ዕለት ሁሉም ያንተ ነው፣ ግን በአንድ አሮጌ ማሽን ዕድሜህን ሙሉ ላታገኝም ትችላለህ። ፑል ማለት ደግሞ እኛ ስንዴ ሲደርስ እንደምንወጣው ጅጌ ነው፣ ብዙ ሰው ማሽኑን አንድ ላይ ያሰልፋል፣ አንዱ ሲቀናው ሁሉም እንደየሥራው ይካፈላል። ታዲያ ማን ሠራ ማን ተኛ በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣ እያንዳንዱ ማሽን ለእውነተኛው የቀረበ ግምት ባገኘ ቁጥር ለፑሉ ይልካል፣ ግምቱ በራሱ ለሽልማት አይበቃም፣ "አለሁ፣ እየሠራሁ ነው" ማለት ብቻ ነው። ሰይድ ይህን ሳስረዳው ስቆ "እንግዲያ ፑሉ ይጣራል፣ ማሽኑ አቤት ይላል በለኛ" አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ እኔም ለሰው የማስረዳው በሱ አነጋገር ነው። ለብቻው የሚቆፍር ማሽን ግን ይሥራ ይሙት አቤት የሚለው ማንም የለውም።

እኔ ለጀማሪ ፑል ነው የሚሻለው አልኩ፣ ደምለው አሻፈረኝ አለ፣ ብቻዬን ነው የምቆፍረው አለ፣ የሱ ነገር ሁሉ እንዲሁ ነበር፣ ሲያጠናም ብቻውን፣ ሲጣላም ብቻውን። ማሽኑ ለብቻው ሲጮኽ ከረመ፣ ምንም አላመጣም፣ እሱም ተስፋ ቆርጦ አንድ ማለዳ ወጣ። የሰፈራችን ልጆች፣ የሰይድ የእህቱ ልጅ ሁሴንም ከነሱ ጋር፣ በደላላ ተሰባስበው በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሄደው ነበር፣ ደምለው ግን ከነሱ ጋር እንኳ አልሄደም፣ ለብቻው ነው ተከትሎ የወጣው። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ፣ "ማዶ ስደርስ እደውላለሁ፣ ለእማዬ ንገራት" አለኝ፣ ከዚያ በኋላ አልደወለም፣ ሁሴንም አልደወለም። ዓመት ሊሞላው ሲል ከዚያ የተመለሰ አንድ የአቀስታ ሰው ተገኘ፣ ደምለውን ጀልባ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ አለ፣ ጀልባዋስ ስንለው አቀርቅሮ መንገዱን ቀጠለ። እናቴ ከዚያ ወዲህ በሩን ሳትቀረቅር ነው የምታድረው፣ ታድራለች እንጂ አትተኛም፣ ነፋስ በሩን በገፋው ቁጥር ብድግ ትላለች። ልጅሽ ሞቷል ብሎ የነገራት የለም፣ አለ ብሎ የነገራትም የለም፣ ከዚህ የከፋ ነገር ያለ አይመስለኝም።

እኔ በመሃሉ ማሽኑን ከብቻ ሥራ አውጥቼ ፑል አስገባሁት። ፑሉ እያንዳንዱን ማሽን "ሠራተኛ" ብሎ ነው የሚመዘግበው፣ ስም ስጠው አለኝ፣ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። እኛ ቤት ከልጅነቴ ጀምሮ ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅሎ የሚጠራ ስም ከተባለ የጸሎት ስም ነው፣ እጄ በልማድ የክርስትና ስሜን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈው፣ ገብረ ሕይወት ብሎ። ለአባቴ እንደ ቀልድ ባወራለት ፊቱ ጠቆረ። የክርስትና ስም በእኛ አገር እንዲሁ አይሰጥም፣ ከቤተሰብና ከንስሐ አባት ሌላ የሚያውቀው የለም፣ በስምህ መተት ይሠሩብሃል ይባላል፣ አባቴም "ማን እንደሚጠራህ በማታውቀው ቦታ ነው ስምህን ያስቀመጥኸው" አለኝ። እኔ ሳቅሁ፣ ስሙንም ሳልቀይረው ቀረሁ።

ሐምሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ አባቴን መከሩት፣ እናትየው በተስፋ ከምታልቅ ቁርጡን ትወቅና አልቅሳ ይውጣላት፣ ፍትሐቱ ይደረግለትና ተዝካሩ ይውጣ አሉት፣ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ፍትሐቱን የሚያደርሰው ራሱ አባቴ ነው፣ የልጁን ስም ከሙታን ጋር የሚጠራው እሱ ነው ማለት ነው። እናቴ አልተከራከረችም፣ ነጠላዋን ጥቁር ለማስነከር ሰጠች፣ እኔ ያንን ሳይ ሱቄ ገብቼ ለብቻዬ አለቀስኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ጉሙ ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አይታይም፣ ወደ ከላላ የሚሄደው ሚኒባስ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ሲያልፍ አየሁት፣ ወዲያው የከተማው መብራት ድርግም አለ። ዋይፋዩ ሞተ፣ ጓዳ ያለው ማሽንም ጩኸቱ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ፣ ያ ጩኸት ሲቆም ጆሮዬ ውስጥ ምን ያህል ጸጥታ እንደሚገባ ልነግራችሁ አልችልም። ስልኬ በኪሴ ነዘረ፣ ከፑሉ የመጣ መልእክት ነው፣ ሠራተኛህ ሥራ አቁሟል የሚለው የተለመደው መሰለኝ። እውነትም ገብረ ሕይወት አቁሟል ይላል። ከሥሩ ግን ሌላ አለ፣ አዲስ ሠራተኛ ሥራ ጀምሯል ይላል፣ ስሙ ወልደ ሰንበት።

ወልደ ሰንበት የደምለው የክርስትና ስም ነው። እመኑኝ፣ እኔ አልጻፍኩትም፣ ደምለውም ሲሄድ እንኳን የፑሉን መዝገብ ሊያውቅ ፑል መግባቴንም አያውቅም። ቆሜ ስልኩን ሳይ ግምቶቹ መምጣት ጀመሩ፣ አንድ፣ ቆይቶ ደግሞ አንድ፣ ረጋ ብለው፣ እንደደከመው ሰው። ከዚያ ጓዳ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ፣ የማሽኑ ጩኸት አይደለም፣ ማራገቢያ በጣም በዝግታ ሲዞር ክንፉ የሚያሰማው ኳ፣ ኳ የሚል ነገር። በሩን ከፈትኩ፣ ጨለማ ነው፣ ማሽኑ ላይ አንዲትም መብራት አትበራም፣ ማራገቢያው ግን ይዞራል። ሶኬቱን ነቀልኩት፣ ገመዱ በእጄ ላይ ተንጠልጥሎ ማራገቢያው መዞሩን አልተወም፣ ከውስጡ ነፋስ ይወጣል፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ነፋሱ ሞቃትና እርጥብ ነበር፣ የጨው ሽታ አለው ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ፣ ግን ነበረው።

ሰይድን ጠራሁት። እየቀለደ ገባ፣ ገመዱን በእጄ ሲያይ ቀልዱን ተወ፣ እጁን ማራገቢያው ፊት ዘረጋና ወዲያው ሰበሰበው፣ "ቢስሚላህ" አለ፣ ሰይድ ቢስሚላህ ሲል ከምግብ ፊት በቀር ሰምቼው አላውቅም። መብራት እስኪመጣ ሁለታችንም ጓዳው በር ላይ ቆመን ቀረን። መብራት እንደመጣ ማራገቢያው ቀጥ አለ፣ ስልኩም ላይ ወልደ ሰንበት ሥራ አቁሟል አለ።

ሰይድ መጀመሪያ ያሰበው ጥሩውን ነው። ይኼ ልጅ በሕይወት አለ፣ አንድ ቦታ ማሽን አግኝቶ ባንተ መዝገብ ገብቷል፣ አብሽር፣ አለኝ። እኔም እንዲያ ነው ብዬ ለማመን የማልሰጠው ነገር አልነበረም። ግን ሐሙስ ደግሞ መብራት ሲጠፋ መጣ፣ ሲመለስ ሄደ፣ በሕይወት ያለ ሰው ባሕር ማዶ ሆኖ የመካነ ሰላም መብራት መጥፋቱን እንዴት ያውቃል? ሰይድም ይህን ሲያስብ ሐሳቡን ለወጠ፣ ማሽኑን ከፑሉ አውጥተህ ለብቻው አድርገው፣ ይቀርልሃል አለኝ። ስልኬ ላይ ከፑሉ የሚያስወጣውን ቁልፍ ልጫን እጄን ዘርግቼ ነበር። አልቻልኩም፣ አለሁ የሚልበትን አንድ መንገድ በገዛ እጄ የምዘጋበት መሰለኝ።

ዓርብ ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ፣ "ስሙን አንተ አልጻፍኸውም?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ፣ አልጻፍኩም አልኩት። "እንግዲያ ለእናትህ አትንገር፣ ነገ የማደርገውን አደርጋለሁ" አለና ዳዊቱን ገልጦ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጉሙ በመስኮት ይገባ ነበር። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ምሰሶውን ተደግፋለች፣ እኔ ከኋላ ነኝ፣ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ። አባቴ እያደረሰ ስም ወደሚጠራበት ደረሰ፣ የአያቶቻችንን ጠራ፣ ከዚያ ትንፋሽ ወሰደና አፉን ከፈተ፣ በዚያው ቅጽበት ስልኩ በእጄ ውስጥ አንድ ጊዜ ነዘረ። አባቴ ቆመ። ወደ ኋላው ዞር አለ፣ ከኋላው ማንም የለም፣ መጋረጃው ብቻ ነው ያለው፣ ረጅም ጊዜ እያየ ቆየ፣ ካህናቱ ተያዩ፣ ከዚያ ስሙን ዘሎ ጸሎቱን ጨረሰ።

ስንወጣ እናቴ ወደ አባቴ ጠጋ ብላ "ጠሩት?" አለችው።

"አልጠራሁትም" አላት። ጥቁሩን ነጠላ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ አወለቀችው፣ ያን ሌሊት ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛች።

እኔን አባቴ ለብቻዬ ወስዶ ነው የነገረኝ። "ስሙን ልጠራ ስል ከኋላዬ አቤት አለኝ፣ ድምፁ የሱ ነው፣ ልጄን አላጣውም" አለ። ታዲያ በሕይወት አለ ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ እኔ፣ ሳቂው። "ያለም የሞተም ሲጠሩት አቤት ይላል፣ የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም" አለኝ፣ ሃምሳ ዓመት በክህነት የቆየ ሰው። ስልኬን አውጥቼ አየሁ፣ ከወልደ ሰንበት አንድ ግምት ገብቷል፣ ከተማው ውስጥ መብራት አልጠፋም ነበር።

አሁን ማሽኑ ገመዱ ተጠቅልሎ ጓዳው ውስጥ ተቀምጧል፣ ካርቶን አልብሼዋለሁ፣ የፑሉን መዝገብ ግን አልዘጋሁም። ወጣቶች እየመጡ ለጀማሪ ለብቻ ይሻላል ወይስ ፑል ብለው ይጠይቁኛል፣ ፑል ይሻላል እላቸዋለሁ፣ ምክንያቱን የምነግራቸው ግን ሌላውን ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ያማርራል፣ እኔ ስልኬን አወጣለሁ፣ ወልደ ሰንበት ይመጣል፣ ካርቶኑ ሥር ኳ፣ ኳ ይላል። እናቴ ይህን አታውቅም፣ በሩን አሁንም አትቀረቅርም፣ ግን ትተኛለች።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ወልደ ሰንበት ብቻውን አልመጣም። ከሥሩ አመተ ማርያም ይላል፣ ከሱም ሥር ኃይለ ሚካኤል ይላል፣ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን ነው የምቆፍረው ያለው ልጅ ሰው ይዞ መጣ። የማን ልጆች እንደሆኑ አላውቅም፣ ላውቅም አልችልም፣ የአቀስታ ይሁኑ የደጎሎ፣ የክርስትና ስም ይዤ የማንን በር አንኳኳለሁ፣ እናቶቻቸው የት ሆነው በር ሳይቀረቅሩ እንደሚያድሩ ማን ይነግረኛል? ሰይድ ከትከሻዬ ላይ ሆኖ አብሮኝ ያነብ ነበር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ትናንት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ ካየ በኋላ፣ "ሁሴን እኮ የክርስትና ስም የለውም" አለኝ፣ "እሱ ቢመጣ በምን ስም ይመጣል?"

መብራት መጣ፣ ስሞቹ አንድ በአንድ ጠፉ፣ ሰይድ ግን ወደ ሱቁ አልተመለሰም፣ በርጩማ ስቦ ጓዳው በር ላይ ተቀመጠ።