ያወረድኩት ድምፅ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ውሸት ሳስተካክል ኖሬያለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ የራሴን አልጨምርበትም።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ሰዓት። ፀሐይ ወጥቶ፣ መንገዱ በሰው ተሞልቶ... በጠራራ ቀን።

ቦታው የከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ፣ በመስታወት የተከፈለች ክፍል ናት። ከመስታወቱ ወዲያ አዘጋጁና እንግዳው ይቀመጣሉ። ከመስታወቱ ወዲህ እኔ፣ የድምፅ ሠራተኛው። ፊቴ የተደረደሩት ቁልፎች ወደ ላይ ሲገፉ ድምፅ ይጨምራሉ፣ ወደ ታች ሲሳቡ ያጠፋሉ። ብዙ ትምህርት አይጠይቅም።

የወቅታዊ ጉዳይ ውይይት የሚመራውን አዘጋጅ አድማጭ "ማር አፉ" ይለዋል።

የዚያን ቀን ውይይት የለመንኩት እኔ ነበርኩ።

ልጄ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ትሰፋለች። ስልሳ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

"አባባ፣ የፎቃችን በር አልዘጋ አለ።"

"ማጠፊያው ይሆናላ።"

"ማጠፊያው ደህና ነው። ግድግዳው ነው ቦታውን የለቀቀው። አለቃችን አይሰማም። እስቲ በሬዲዮ ይጠየቅልን።"

ማር አፉን ለመንኩት። "ሕንፃው ደህና ነው" ብሎ የፈረመውን መሐንዲስ ጋበዘ። መሐንዲሱም እሺ አለ።

ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ከመሐንዲሱ መሥሪያ ቤት ተደወለ። አይመጣም... ይኸው ብቻ።

ማር አፉ አንገቱን ወደ እኔ ክፍል አስገባ።

"ጋሼ፣ ወንበሩን ሙላልኝ።"

የእኛ ቤት አሠራር ነው። እንግዳ ሲቀር ቀድሞ የሰጠውን ቃለ መጠይቅ አወጣለሁ። መልሶቹን እቆራርጣለሁ። ማር አፉ አዲስ ጥያቄ ይጠይቃል፣ እኔ አሮጌውን መልስ እለቃለሁ። አድማጭ ሰውዬው ቁጭ ብሎ የሚያወራ ይመስለዋል። አንድም ቀን የነቃብን የለም። የሹም መልስ እንደ ተውሶ ኮት ነው፤ ለሁሉም ይሆናል።

"ያለን ቅጂ እኮ ያምና ነው" አልኩ። "ያኔ ግድግዳው ቦታው ላይ ነበር።"

"ሰውዬው ዛሬ ቢመጣ ሌላ ነገር የሚል ይመስልሃል?"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሦስት መልስ ቆርጬ አዘጋጀሁ። አየር ላይ መሆናችንን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ።

"መሐንዲስ፣ እንኳን ደህና መጡ። እዚያ የሚሠሩት ሴቶች ሊሰጉ ይገባል?"

ለቀቅሁ።

"ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም። በሙሉ ልብ ይሥሩ።"

ደህና ሄደ።

"ግድግዳው ተሰንጥቋል ይባላል?"

"ጥቃቅን ነገር ነው..." አለ ቅጂው። ከዚያ ሳለ።

እዚያ ቅጂ ውስጥ ሳል አልነበረም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ እያንዳንዷን ትንፋሽ አውቃታለሁ። ሰውዬው አምና ሲመጣ ጤነኛ ነበር።

ማር አፉ በመስታወቱ አሻግሮ አየኝ። ቅንድቡን አነሳ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

ሳሉ ቀጠለ... እርጥብ፣ ከደረት ሥር የሚወጣ። ከኋላው የብረት አልጋ ሲጥ ሲጥ ይላል።

ሦስተኛውን መልስ ገና አልለቀቅሁም።

"ይቅርታ..." አለ ድምፁ። "ያልኩትን ላርመው..."

እጄ ቁልፉን ወደ ታች ሳበው።

ሳላስብ ነው። እንግዳ ከመስመር ሲወጣ ድምፁን ማውረድ የሠላሳ አንድ ዓመት ልማዴ ነው። ማር አፉ ወዲያው "ከአጭር ማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን" አለ። አውራ ጣቱን አሳየኝ። ጎበዝ ማለቱ ነው።

አየር ላይ ዝም አለ። በጆሮ ማዳመጫዬ ግን አላቆመም።

"አስወጧቸው..." አለ በሹክሹክታ። "ሦስተኛውን ፎቅ... አሁን።"

ቅጂውን አየሁ። ቆሟል። ቆጣሪው አይንቀሳቀስም።

"አንተ... ቁልፉን የያዝከው። ወደ ላይ ግፋው።"

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። መግፋት ብቻ ነበር የቀረኝ። ጣቴ አልታዘዘኝም ብላችሁ ውሸቴን ነው። ፈራሁ። የፈራሁት ድምፁን አይደለም... ማር አፉን ነው።

"ግፋው... የኔ አባት... ግፋው..."

ማዳመጫውን አወለቅሁ። ለልጄ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ያነሳችው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው።

"አባባ?" አለች በሹክሹክታ። "ሥራ ላይ ነን እኮ።"

"ውጪ! አሁኑኑ!"

"ወጥተን ነበር። ጠዋት ጣሪያው አቧራ ሲያራግፍብን ሁላችንም ደጅ ወጣን። አለቃችን ሬዲዮ ከፈተልን። ‘ከመሐንዲሱ አፍ ስሙ’ አለን። ሰማን... ተመልሰን ገባን።"



"ልጄ... ያ መልስ ያምና ነው። ቆርጬ የቀጠልኩት እኔ ነኝ።"

 የስፌት መኪኖቹ ይሰማሉ።

"አንተ?"

"ውጪ እባክሽ!"

"አንተ ነህ ያስገባኸን?"

ወንበር ወደቀ። "ውጡ! ውጡ!" ስትል ሰማኋት። አንድ ወንድ "ወዴት? ተቀመጪ!" ይላል። ከዚያ ስልኩ ጸጥ አለ።

ሕንፃው በሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ፎቅ በፎቅ ላይ ተቀመጠ... እንደ ደከመው ሰው። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ወጡ። ልጄ አንዷ ናት። ጎኗ ተቀምጣ የምትሰፋው ጓደኛዋ አልወጣችም።

መሐንዲሱ ሆስፒታል ውስጥ እንደሞተ ማታ ሰማን። ሕይወቱ ያለፈው በዚያው ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። እኛ ቀዩን መብራት ከማብራታችን አራት ሰዓት ቀድሞ።

ማር አፉ ሐሙስ ዕለት በአደጋው ላይ ውይይት አዘጋጀ። እንግዳው በሰዓቱ መጣ። ኃላፊነቱን ማን ይውሰድ ተብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ተወራ፤ የእኛን ጣቢያ ስም ያነሳ አልነበረም። እኔም ቁጭ ብዬ ድምፅ አስተካከልኩ። በማግሥቱ ሥራዬን ተውኩ።

ልጄ ሁለት ወር አላነጋገረችኝም። ባለፈው እሑድ መጣች። እናቷ በር ከፈተችላት። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች...

ምንም አልሰማሁም።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የአንገቷ ጅማት ተገትሯል... እየጮኸች ነው። ድምፅ ግን የለም።

ጆሮዬ ደህና ነው። በመንገዱ መኪና ሲያልፍ እሰማለሁ። የባለቤቴን ለቅሶ እሰማለሁ። ጎረቤቱ በሩን አንኳኩቶ "ኧረ ምንድነው ጩኸቱ?" ሲል ሰማሁት።

"ምንድነው የምትለው?" አልኩ ባለቤቴን።

በእንባ አየችኝ።

"አልሰማሁም እንዳትል ብቻ" አለች። "አንዲት ነገር ናት የምትጠይቅህ። መልስላት!"

ዛሬ ሐሙስ ነው። ልጄ አልሄደችም። ይህን ስጽፍ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጣለች...

ከንፈሯ እስካሁን አላረፈም።